የአዳማ የድሮ ሰፈሮች ልጅነት

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 220,212 ነዋሪ ተመዝግቦባታል፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ በልጣለች። ናዝሬት የሚለው ስም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣላት ሲሆን በ1992 ዓ.ም. በይፋ ወደ አዳማ ተመልሷል፤ በድሮዎቹ ሰፈሮች ያደገ ሰው ግን አሁንም ናዝሬት ማለቱን አልተወም። ስለ ከተማዋ ሆቴሎችና የስብሰባ አዳራሾች ብዙ ተጽፏል። እዚህ የሚነሳው በባቡር ጣቢያው፣ በመናኸሪያውና በገበያው ዙሪያ የጋሪ ነጂ፣ የጉሊት ነጋዴ፣ የመካኒክና የቀን ሠራተኛ ልጆች ከደርግ ዘመን እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ እንዴት እንዳደጉ ነው።

ሰፈሩ ከየት መጣ

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ መንገዱ ላይ ነበረች። በ1946 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከከተማዋ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንጂ ላይ፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ወደ ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚሄደው አስፋልት ወደ አሰላና ባሌ ከሚወጣው የሚለየውም እዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ሰው ይሰበስባል። የአካባቢው ኦሮሞ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጣው አማራ፣ ሱቅ የከፈተው ጉራጌ፣ ለሸንኮራ ቆረጣ መጥቶ የቀረው ከምባታ፣ ሐድያና ወላይታ፣ ጭነት ተከትሎ የመጣው የሐረርጌ ሰው በአንድ አጥር ውስጥ ተከራይቶ ኖረ።

ከሁሉ በላይ ግን የሰፈሩን ልጅነት የወሰነው የቤት ኪራይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለረጅም ዘመን እምብዛም ሳይነካ በመቆየቱ ተከራዩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያው ጎረቤት ለክርስትናውም፣ ለሰርጉም፣ ለለቅሶውም እዚያው ነው። ዛሬ “ድሮ የጎረቤት ልጅ የሁሉም ልጅ ነበር” ሲባል የሰዉ ደግነት ብቻ ይነሳል። ደግነቱ አይካድም፤ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ከማይለየው ሰው ጋር ተጣልቶ መኖር የሚያዋጣ አልነበረም። ልጁን ጎረቤት ቆነጠጠብኝ ብሎ የተቆጣ አባት ያንኑ ጎረቤት እሁድ እድር ላይ ያገኘዋል፤ እሱ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለትም ያው ሰው ነው።

ግቢው

በአንድ የቆርቆሮ በር ይገባል። ግራና ቀኝ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ መጨረሻው ላይ የጋራ ሽንት ቤት አለ። አንዱ ክፍል ሳሎንም መኝታም ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ፣ አልጋው በመጋረጃ የተከለለ፣ የልጆቹ ፍራሽ ማታ የሚነጠፍ ጠዋት የሚጠቀለል። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ከሆነ የግቢው ልጅ ሁሉ በራፉ ላይ ጫማውን አውልቆ መሬት ይቀመጣል። ምጣዱም፣ ሙቀጫውም፣ መሰላሉም በውሰት ይዞራል፤ የሚያዞረው ልጅ ነው። ቡና ሲፈላ “እትዬ፣ ቡና ደርሷል ብላለች እማዬ” እያለ ከበር በር የሚሮጠውም እሱ ነው። ስኒ እስኪታጠብ ድረስ የሚወራውን ሁሉ ስለሚሰማ፣ የግቢውን ምስጢር ከአዋቂዎቹ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ጥበት ቁልጭ ብሎ የሚታየው የወባ መድኃኒት በሚረጭበት ቀን ነበር። አዳማ ወባ አለባት፤ የትኩሳቱ ወቅት ሳይደርስ ረጪዎቹ ፓምፓቸውን በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ። ያን ቀን የየቤቱ ዕቃ ወደ ግቢ ይወጣል። አልጋው፣ ከአልጋ ሥር ተደብቆ የኖረው ሻንጣ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ሰሃን፣ የተቀደደው ፍራሽ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማን ምን እንዳለው፣ በተለይ ደግሞ ምን እንደሌለው፣ ግቢው በሙሉ ያያል። እናቶች የተቀደደውን ወገን ወደ አጥሩ ለማዞር ይጣደፋሉ። ለልጅ ግን ከበዓል የማይተናነስ ቀን ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ቤት ይሠራል፣ የሰው አልጋ ላይ ይዘለላል፣ የጠፋው ብይም ይገኛል። ማታ ግድግዳው በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ፣ ሽታው ጉሮሮ እየያዘ ይተኛል።

ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው። ጀሪካን በሰልፍ ይቀመጥና ባለቤቱ ጥላ ሥር ይጫወታል፤ ጠቡ የሚነሳው ጀሪካን ሲሰረቅ ሳይሆን ተራ ሲሰረቅ ነው። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ሌላም ጣጣ ነበረው። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂ መንደሮች፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይዱ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ስለሆነ፣ በሕፃንነቱ ያንን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ መፋቂያም ሳሙናም አያስለቅቀውም። ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ልጅ በትምህርት ቤት የተለመደ ነበር።

መንገዱ

የከተማዋ ቡና ቤት ብዛት ለሰፈር ልጅ አንድ ጥቅም ነበረው፤ የቆርኪ ሀብት። ቆርኪ ገንዘብ ነው፣ መወራረጃ ነው። ሐዲድ ላይ አስቀምጠውት ባቡሩ ሲያልፍበት እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ይሆናል፤ መሐሉን ሁለት ቦታ በስተው፣ ክር አስገብተው ያሾሩታል። ወንዶቹ ብይና የካልሲ ኳስ፣ ሴቶቹ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። ትንሽ ሳንቲም የቋጠረ ጆተኒ ቤት ይገባል፣ ያልቋጠረ በር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ጨዋታ በሚኖርበት ቀን ስታዲየም በር ላይ “ጋሼ፣ አስገባኝ” እያሉ የማያውቁትን ሰው እጅ ይዞ መግባት የታወቀ ዘዴ ነበር።

ባጃጅ ሳይመጣ የከተማዋ ታክሲ ጋሪ ነበር። ከኋላው መንጠልጠል ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይንጠለጠላል። አንዱ ክፉ መንገደኛ “ከኋላህ!” ብሎ ሲጠቁም ነጂው ዞር ሳይል ጅራፉን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። አለንጋ ያረፈበት ልጅ እናቱ ዘንድ ሄዶ አይናገርም፤ ቢናገር ሁለተኛ ይገረፋል።

በጋ አቧራና ነፋስ ነው። ይኸው ነፋስ ኋላ ላይ ጥቅም አግኝቶለት በ2004 ዓ.ም. ኮረብታዎቹ ላይ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል፤ ለድሮ ልጅ ግን ዓይን ከማጥፋት በቀር ሥራ አልነበረውም። ክረምት ደግሞ ጎርፍ ይመጣል። ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ከላይ የዘነበው ታች ያሉትን ቀበሌዎች ያጥለቀልቃል። አዋቂ በር ላይ አሸዋ ሲከምር ልጅ ጀልባ ይለቃል። ጀልባው ድንጋይ ነው፤ በአካባቢው ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ፣ ቀዳዳው የበዛና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ይገኛል።

ጣፋጩም ከጎረቤት ነው። የወንጂ ሸንኮራ በቁራጭ ይሸጣል፤ በጥርስ ተልጦ፣ ተመጦ፣ ምጣጩ መንገድ ላይ ይተፋል። ደስታ ከረሜላም የዚያው የወንጂ ፋብሪካ ምርት ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ በላስቲክ የታሰረ ጀላቲ ይመጣል።

ሥራና ትምህርት

መናኸሪያው የብዙ ልጅ የመጀመሪያ መሥሪያ ቤት ነው። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ማስቲካና ሶፍት ይዘው በመስኮት ይንጠለጠላሉ፤ ሊስትሮው ሣጥኑን ይዞ በየቡና ቤቱ ይዞራል። ትምህርት በፈረቃ መሆኑ ይህን አመቸ፤ ጠዋት የተማረ ከሰዓት ይሠራል። ገንዘቡ ለእናት ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ የጆተኒ የምትሆን ትቆነጠራለች። ይህን “ልጅነት ያለ ችግር” ብሎ የሚያወራ አለ። ማታ ሥራ ላይ ያንቀላፋ ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋ ነበር፤ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል የቀረውም ጥቂት አይደለም።

ከመደበኛው ትምህርት በፊት የክርስቲያኑ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ይቆጥራል፣ የሙስሊሙ መድረሳ ይሄዳል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በከተማዋ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ስለዚህ የአንድ ግቢ ልጆች ጠዋት ተለያይተው ይወጣሉ። ከሰዓት ብይ ላይ ሲገናኙ ሁለቱንም እየቀላቀሉ ይጨቃጨቃሉ። ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬ የሚጨፍረው ቡድን ውስጥ የሙስሊም ልጅ አይጠፋም፤ በዒድ ደግሞ የክርስቲያኑ ልጅ አዲስ ልብሱን ለብሶ ከበር በር ይዞራል።

የተለወጠው

አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከድሮው ሰፈር ርቆ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ጋሪው ከዋናው መንገድ ለባጃጅ ለቀቀ። በመሐል ከተማ የነበሩ የቀበሌ ቤቶች አንዳንዶቹ ፈርሰው ፎቅ ተሠራባቸው፤ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ዳር ሰፈሮች ተበተነ። እድሩ ግን አባላቱን አልለቀቀም፤ ርቆ የሄደውም ለቅሶ ሲሆን ተሳፍሮ ይመጣል።

ስለዚያ ዘመን በናፍቆት የሚያወራ ወንድ ይበዛል፤ ኳሱን፣ ሐዲዱን፣ ጋሪውን ያነሳል። እኅቱ አጠገቡ ካለች ጨዋታው ይለወጣል። እሷ የምታስታውሰው ገና ሳይነጋ ቦኖ ላይ ተራ መያዝን፣ ጀሪካኑ ጀርባዋን ማርጠቡን፣ ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ አጃቢ መፈለጓን ነው። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት የሱን ተራ ውሃም የቀዳችው እሷ ናት፤ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ስትከፍት ጥሩው ዘመን አለፈ ብላ አትቆጭም።