«5 ከመቶ ትርፍ ቅባት» ምን ማለት ነው?

ባሕር ዳር ሳሙና መሥራት የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። «ትርፍ» የሚለው ቃል ያሳስታቸዋል፤ ዘይት የሚጨመር ይመስላቸዋል። አይደለም። የሚቀነሰው ኮስቲክ ሶዳው፣ ማለትም ቅባቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኬሚካል ነው።

1 ኪሎ የበሬ ሞራ ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 140 ግራም ገደማ ሶዳ ይፈልጋል። ከዚህ 5 ከመቶውን፣ ማለትም 7 ግራም ስትቀንሱ 133 ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ሞራ ሳይለወጥ ይተርፋል። ሳሙናው እጅ እንዳያደርቅ የሚረዳው እሱ ነው። ትንሽ የሚዛን ስህተትንም ይሸፍናል።

ቁጥሩ ግን ለሞራ ነው፤ የኮኮናት ዘይት በኪሎ 183 ግራም ገደማ ይወስዳል። ባለፈው አንዷ ያመጣችው ሳሙና እጄን ለበለበኝ። ሶዳውን የለካችው በቡና ሲኒ ነበር! እባካችሁ፣ በግራም የሚለካ ሚዛን ግዙ። ደግሞ ሶዳውን ውኃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውኃውን ሶዳው ላይ በፍጹም እንዳታፈሱ።