እስፒከር ጥግ ይቀመጣል ያለው ማነው? ድሬ ላይ ስለ ቴፕ አቀማመጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ሳቢያን ሰፈር አንድ ጓደኛዬ ቤት በርጫ ላይ ነበርን፣ ልጁ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ትልልቅ እስፒከር ገዝቶ ሊያሰማን ነው የጠራን። ከፈተው፣ ቤዙ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል ዘፋኙ ግን በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። "ሸወዱኝ፣ ፎርጅድ ነው" ብሎ ሊመልሰው ተነሳ። እኔ ሁለቱንም ከጥግ ወደዚህ 60 ሳንቲም ያህል ጎተትኳቸውና በድጋሚ ክፈተው አልኩት፣ ሰማና ዝም አለ። ባለሙያ ምናምን አይደለሁም አቦ፣ ግን ይሄን ነገር በየቤቱ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ልጻፈውና ልገላገል።

"ጥግ ላይ ሲሆን ቤዙ ይጠነክራል"

ይጠነክራል፣ ውሸት አይደለም፣ ችግሩም እሱ ነው። ወፍራም ድምፅ ወደፊት ብቻ አይሄድም፣ ወደኋላም ወደጎንም ይሄዳል፣ ግድግዳ ሲያገኝ ተመልሶ ከዋናው ጋር ይደመራል። አንድ ግድግዳ ብቻውን እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ግድግዳ አለ ወለሉም አለ። ጭማሪው እኩል ቢሆን ኖሮ ቤዙን ቀንሰህ ትገላገል ነበር፣ ግን እኩል አይደለም፣ ክፍሉ የራሱ የሚወዳት ኖታ አለችው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎን 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው የሚያጎላው፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ናት፣ ስለዚ እሷ በተነካች ቁጥር መስኮቱ ይንጫጫል ቀጣይዋ ኖታ ስትመጣ ደሞ ቤዙ የት እንደገባ አይታወቅም።

እዚህ ጋ የኛ ሀገር አቀማመጥ ነገሩን ያባብሰዋል። መጅሊስ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚነጠፈው፣ ሁሉም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፣ ቤዝ በጣም የሚከማቸው ደግሞ እዛው ግድግዳው ስር ነው። መሃል ላይ ያቺ ኖታ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ቡና የምታፈላዋ መሃል ቁጭ ብላ "ቤዝ የለውም እኮ" ትላለች፣ ግድግዳ የተደገፈው "ኧረ ቀንሱት" ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ለብቻው ዎፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ እስፒከር) ካለህ አንድ ዘዴ አለ፣ ዎፈሩን አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አድርገውና ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈት፣ ከዛ በእንብርክክህ ክፍሉን እየዞርክ አዳምጥ፣ ቤዙ ሳያጉረመርም ጥርት ብሎ የተሰማህ ቦታ የዎፈሩ ቦታ ነው። በሩን ዝጋ ግን፣ ሰው ካየህ አበደ ነው የሚልህ።

"ከፍ ከተደረገ ቤቱን ይሞላል"

ይሄ ከሱቅና ከምግብ ቤት የመጣ ነው፣ እነሱ የሚሰቅሉት ቆሞም ተቀምጦም የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ቱዊተር እንደ ባትሪ መብራት ናት፣ ያነጣጠርክበት ነው የምታበራው፣ ቡፌ ላይ ስትሰቅላት የምታበራው ለመጋረጃው ዘንግ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ነው፣ መጅሊስ ላይ ትራስ ተደግፎ የተጋደመ ደሞ ከዛም በጣም ይወርዳል። ስለዚ ዝቅ አድርገው፣ ካልሆነልህ ከኋላ ጣውላ ቢጤ ሸጉጥበትና ወደታች ይመልከት። ደግሞ አንዱን በር ጋ አንዱን ፍሪጅ ጋ አታድርግ፣ በሁለቱ መሃል ያለው ርቀትና ከነሱ እስካንተ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን፣ ያኔ ዘፋኙ መሃል ላይ የቆመ ይመስልሃል።

"አዲስ ቤት ላይ ድምፅ ያምራል"

ሐረር ጀጎል ውስጥ ዘመዶች አሉኝ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው የአደሬ ቤት ነው፣ ነደባው (ከፍ ያለው መደብ) ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደራርቧል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰፌድና ሳህን ነው፣ እዛ ቤት የተቀመጠች ትንሽ ራዲዮ ከኔ ሴራሚክና መስታወት ከሞላው ሳሎን በጣም ነው የምትሻለው። ምንጣፉና ትራሱ ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል፣ የተሰቀለው እቃ ደሞ ይበታትነዋል። ቤትህ መሃል ቆመህ አንዴ አጨብጭብ፣ "ጭርርር" የሚል ነገር ከመለሰልህ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ከአዲስ አምፕ (አምፕሊፋየር) ይቀድማል። የእንቁላል ካርቶን ግን ተዉት በናታችሁ! ቤዝን ምንም አያደርገውም፣ ለጎረቤትም ድምፅ አያስቀርም፣ ድምፅ የሚያስቀረው ከባድ ግድግዳና ክፍተት የሌለው በር ነው።

"አምፑ አቧራ እንዳይነካው ቡፌ ውስጥ ይቆለፍ"

የድሬ አቧራ ይገባኛል፣ ግን የድሬ ሙቀትስ? አምፕ ሲሰራ የሚያመነጨው ሙቀት በላይ በኩል ካሉት ቀዳዳዎች ካልወጣ ተመልሶ ራሱን ነው የሚቀቅለው። እናቴ አምፔ ላይ ዳንቴል አልብሳ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አስቀምጣ ነበር፣ በየአንድ ሰዓቱ ቀጥ ይላል፣ እኔ ለስንት ሳምንት መብራቱን ስራገም ከረምኩ። ዳንቴሉን አነሳሁት፣ በዛው አበቃ። ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተውለት፣ ዲኮደሩንም እላዩ ላይ አትከምር፣ ማታ ስታጠፋው ዳንቴሉን አልብሰው።

"የሁለቱ እስፒከር ገመድ እኩል መሆን አለበት"

የለበትም፣ 2 ሜትር ልዩነት ጆሮ አይሰማውም። አያይዞ ሲሰካ ግን አንዱ እስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቤዝ ጠፋብኝ የሚል ሰው ከመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የሳቢያኑ ልጅ ማክሰኞ ደወለልኝ፣ "ወሪያ፣ ያ ነገር ተመለሰ" አለኝ። ለካ እህቱ ቤት ስታፀዳ መተላለፊያ ዘጉ ብላ እስፒከሮቹን ወደ ጥጋቸው መልሳቸዋለች። አሁን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎበታል።