የኦቲዝም ልጆች ወላጆች ውጥረትና አለካኩ

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ሌላ ዓይነት የእድገት እክል ካለባቸው ልጆች ወላጆች ይልቅ ውጥረት እንደሚበዛባቸው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ቀድሞ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይነበብ ነበር። እንደ ብሩኖ ቤተልሃይም ያሉ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ የልጁን ኦቲዝም በእናቱ «ቅዝቃዜ»፣ ማለትም ለልጇ ፍቅር ባለማሳየቷ፣ ያሳብቡ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያውና ራሱም የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን በማስረጃ ሞገተ። እስከዚያ ስንት እናት ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ኖራለች።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ሪቻርድ አቢዲን ያዘጋጀው የወላጅነት ውጥረት መጠይቅ ነው። አጭሩ ቅጂ 36 ጥያቄዎች አሉት፤ 12ቱ ስለ ወላጁ የራሱ ጭንቀት፣ 12ቱ ስለ ወላጅና ልጅ ግንኙነት፣ 12ቱ ስለ ልጁ አስቸጋሪነት ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስለሚሰጥ ድምሩ ከ36 እስከ 180 ይሆናል። ስህተት የሚፈጠረው ድምሩን ብቻ ሲያዩ ነው። ልጁ ለወላጁ ፈገግ ይል እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ሲቀርብ፣ የእናቲቱን ውጥረት ሳይሆን የልጁን ጠባይ ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ማንበብ ይሻላል።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ይሉኝታ አለ። አማቷ አጠገብ የተቀመጠች እናት «እንዴት ነሽ?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ጠያቂውም ደህና ናት ብሎ ይጽፋል። ለብቻዋ፣ ረጋ ብሎ፣ ጥያቄውን እያነበቡላት መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች 102 አሳዳጊዎች ያነጋገረ ጥናት፣ 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከአራቱ አንድ ያህሉም ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ አሳይቷል።

ወላጅን ይበልጥ የሚያደክመው የኦቲዝሙ ክብደት ሳይሆን የባህሪው ችግር ነው፤ ራሱን የሚመታ፣ ከቤት ሮጦ የሚወጣ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ የማይተኛ ልጅ። ነገሩ ዞሮ ይመጣል፤ የተዳከመ ወላጅ ትዕግሥቱ ሲያልቅ የልጁም ባህሪ ይከፋል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለ8 ቀን በየምሽቱ ስለ ውሏቸው የጠየቋቸውና በ4ቱ ቀናት ምራቃቸውን የመረመሩላቸው፣ ልጆቻቸው ጎረምሳና ጎልማሳ የሆኑ እናቶች፣ ኮርቲዞል የተባለው የውጥረት ሆርሞናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዝቅታው የዕረፍት ምልክት አይደለም፤ ለዓመታት በተጫነ ውጥረት የደከመ ሰውነት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና አዲስ አበባም ውስጥ የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ልጁን ከ2 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜው፣ በጨዋታና በዕለት ተዕለት የቤት ውስጥ ሥራ መሃል እንዴት እንደሚያሳትፉት ያስተምራል። ሥልጠናውን ልዩ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ ሊሰጥ ይችላል። ልጁን የሚይዝላት ያጣች እናት ግን በነጻ ቢሰጥም አትደርስበትም፤ የልጅ ማቆያና የትራንስፖርት ወጪ ከመጀመሪያው በበጀት መያዝ አለበት።