ስሙ ከክፍያ በኋላ የሚነገር ሆቴል

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ የሚሄዱ የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ስሙን ለማናውቀው ሆቴል እንዴት እንከፍላለን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ሆትዋይርና ፕራይስላይን ያሉ ድረ ገጾች አንዳንድ ክፍሎችን የሆቴሉን ስም ደብቀው በቅናሽ ይሸጣሉ። የሚያዩት ሰፈሩን፣ የኮከቡን ደረጃ፣ አገልግሎቱንና ዋጋውን ነው። ስሙ የሚመጣው ከከፈሉ በኋላ ነው። ማጭበርበር አይደለም። ሆቴሉ ባዶ ክፍሉን መሸጥ ይፈልጋል፤ መደበኛ ዋጋውን በአደባባይ መስበር ግን አይፈልግም።

ሰፈሩን በደንብ ይዩት። «ምሥራቅ አዲስ አበባ» ቢባሉ መገናኛም አያትም ሊሆን ይችላል፤ የታክሲው ልዩነት ቀላል አይደለም። ካርታው ላይ የተከለለውን ዳር እስከ ዳር ይመልከቱ። ሆቴሉ ጥግ ላይ ቢሆንም የሚመችዎት ከሆነ ብቻ ይግዙ።

ትልቁ ነገር ይኸውልዎ፦ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም፣ ቀኑም አይቀየርም። ስለዚህ እባክዎ፣ ቪዛ ሳይመታ በፍጹም አይግዙ። ልጆች ከዚያ ሆነው ሲከፍሉም የእንግዳውን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፉ። የአልጋው ዓይነት ብዙ ጊዜ ዋስትና የለውም። አንዳንድ ሆቴሎች ደግሞ ሲደርሱ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳያነቡ ካርድ አያውጡ።