ሚዩኒፊሰንስ ምንድን ነው? ልግስና ሁሉ ለምን ሚዩኒፊሰንስ አይባልም?

ምረቃ ሲደርስ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ያሉ ኮምፒውተር ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከሚተየበው ሁሉ መሀል የምስጋና ደብዳቤ አይጠፋም። ለዝግጅቱ ውኃ ለሰጠ ነጋዴ፣ ቲሸርት ላሳተመ ድርጅት፣ አዳራሹን በነፃ ለፈቀደ ሆቴል። ሰጪውም ተቀባዩም አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ደብዳቤው ለምን በእንግሊዝኛ እንደሚጻፍ እንጃ፤ ብቻ ይጻፋል። ከዚያ ዲክሽነሪ ይከፈትና ከ«ጀነሮሲቲ» (ልግስና) ከበድ የምትል ቃል ትፈለጋለች። የምትገኘው ደግሞ «ሚዩኒፊሰንስ» ናት። ሃያ ካርቶን ውኃ የሰጠው ሰውዬ ለሚዩኒፊሰንሱ ከልብ ይመሰገናል።

ስድብ አይደለም። ግን ለሃያ ካርቶን ውኃ ቃሏ ትከብዳለች።

ሚዩኒፊሰንስ ማለት የትልቅ ስጦታ ልግስና ነው። ትልቅ ስል ብሩን ብቻ አይደለም። ከተለመደው አልፎ የሚሄድ፣ ሰጪው ሀብት ወይም ሥልጣን እንዳለው የሚመሰክር፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰው ኪስ አልፎ ለብዙ ሰው የሚተርፍ ስጦታ ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን። ቅጽሉ «ሚዩኒፊሰንት» ነው። ስትሉት ጫን የምትሉት «ኒ» ላይ ነው።

ጀነሮሲቲ ግን የሁሉም ናት። እንግዳ ሲመጣባት ያለቻትን አንድ ዶሮ የምታርድ የዘጌ እናት ጀነረስ ናት። የወንጌሏ ድሃ መበለት ሁለት ሳንቲሟን ስትጥል ከሀብታሞቹ ሁሉ አብልጣ ሰጠች የተባለው፣ እነሱ ከትርፋቸው ሲሰጡ እሷ ያላትን ሁሉ ስለሰጠች ነው። ይሄ ጀነሮሲቲ ነው፣ ያውም ጫፉ። ሚዩኒፊሰንስ አይደለም። እዚህ ላይ ቃሏ ትንሽ ጨከን ትላለች፤ የልብን ስፋት ብቻ አይታ አታልፍም፣ የእጅንም ስፋት ትጠይቃለች። መበለቲቱን ሚዩኒፊሰንት የሚላት ሰው ካለ ወይ ቅኔ እየዘረፈ ነው ወይ ቃሉን አያውቀውም።

ልዩነቱ ዛሬ የመጣ አይደለም። አርስቶትል ሁለቱን ልግስና ለያይቷቸዋል። የመጀመሪያው ባለህ መጠን መስጠት ነው፣ ይሄ ድሃም ላይ ይገኛል። ሁለተኛው የትልቅ ወጪ ልግስና ነው፤ የጦር መርከብ ማስታጠቅ፣ ለከተማው በዓል የሚቀርበውን የመዘምራን ቡድን ወጪ መቻል፣ እንዲህ ያለው ነገር። የአቴንስ ሀብታሞች ይህን ዓይነቱን ወጪ የመሸፈን ግዴታ ነበረባቸው። ድሃ ይህን ልሞክር ካለ አርስቶትል «ሞኝ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ስለ ታይታ ሰው የሰጠውን ምሳሌ ነው። የማኅበር ግብዣን እንደ ሠርግ አድርጎ የሚደግስ ሰው አለ ይላል፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ግን ያለቦታው ነው የወጣው። ጽዋ ማኅበር የሚጠጣ ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ፊት ትዝ ሳይለው አይቀርም።

ቃሏ ራሷ የሮማውያን ናት። ላቲኑ «ሙኑስ» ስጦታም ነው፣ ግዴታም ነው፣ የሹመት ሥራም ነው። ሌላው ግማሿ «ማድረግ» ከሚለው የመጣ ነው። ስጦታና ግዴታ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለሮማዊ ግር አይለውም ነበር፤ በከተማው የተሾመ ባለጠጋ ከኪሱ አውጥቶ መታጠቢያ ቤት እንዲያሠራ፣ መንገድ እንዲያስነጥፍ፣ ለሕዝቡ ትርኢት እንዲያሳይ ይጠበቅበታል። የግላዲያተር ትርኢት እንኳ ስሙ ሙኑስ ነበር። በነገራችን ላይ «ኮሚዩኒቲ» እና «ኢሚዩኒቲ» ከዚሁ ሥር ናቸው፤ አንዱ ግዴታን የሚጋራ፣ ሌላው ከግዴታ ነፃ የወጣ። ትንሹ ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ለትውልድ ከተማው ለኮሞ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሰጥቶ አልቀረም፣ ለማስጠበቂያው የሚሆን ገንዘብም ለብቻው ጨመረ። ሕንፃ አስረክቦ፣ ሪባን ቆርጦ፣ አምፖል የሚቀይርለት አጥቶ ሲበላሽ ላየ ሰው ይቺ ሁለተኛዋ ገንዘብ ከመጀመሪያው አታንስም።

ቅርብ ምሳሌ የሚፈልግ ጣና ላይ ይሻገር። ደቅ ደሴት ጥግ ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ውስጥ ከሥዕሎቹ መሀል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አለች። ከሥር እቴጌይቱ ተሥለዋል፣ በክብር ልብሳቸው፣ መሬት ላይ ተደፍተው። ይህን ሥዕል ቆም ብሎ ማየት ነው። ሰውነታቸው ወድቋል፣ ልብሳቸው ግን ማን እንደሆኑ ይናገራል። ትሕትናም አለበት፣ ፊርማም አለበት። ሚዩኒፊሰንስ የሚባለው ልግስና ጠባዩ ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙን አይደብቅም። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ከሚለው ቃል ጋር ይጋጫል የሚል ካለ እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይጋጫል። ስሙን ያልገለጸ ትልቅ ሰጪም ሚዩኒፊሰንት ይባላል፣ ቃሉ አይከለክልም። ግን ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ስምን መደበቅ ሚስማር እንደመደበቅ ቀላል አይሆንም።

አሁን ደግሞ የሚምታቱትን እንይ። መዋጮ ሚዩኒፊሰንስ አይደለም፣ የተሰበሰበው ብር ሚሊዮን ቢደርስም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ መዋጮ ጌጥ ነው፣ ይቺ ቃል የምታወራው ግን ሃምሳውንም ብቻውን ስለተሸከመው ሰው ነው። ስለትም ያጠራጥራል። ልጄ ከዳነልኝ ብሎ ቃል የገባ ሰው ምንጣፉን ይሁን ጃንጥላውን ተሸክሞ ሲመጣ፣ በራሱ አነጋገር «ስለቴን ላገባ» ነው የሚለው፤ ያለበትን ነው የሚከፍለው። ካሳማ ጭራሽ አይገባም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። ትልቅ ነው፣ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፣ ግን ዕዳ ነው የተከፈለው። ይህን የጣልያን ሚዩኒፊሰንስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ እኔ ከወንበሬ እነሳለሁ። ፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው፣ ሌላ ነገር ነው። እሱ ላይ የንግግር ጸሐፊዎች ቃሏን ቢጠቀሙ አልከራከርም፤ መንግሥት ለመንግሥት በከንቱ አይሰጥም የሚል ሰው ቢቃወም ደግሞ እሱንም እሰማዋለሁ።

ደግሞ ቃሏ ገንዘቡ ከየት መጣ ብላ አትመረምርም። አሜሪካዊው የብረት ባለሀብት አንድሩ ካርኔጊ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት በገንዘቡ አሠርቷል። ከተማው መሬቱን እንዲሰጥና በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ በጀት እንዲመድብ እያስፈረመ። ሚዩኒፊሰንት ነው፣ ያለ ጥርጥር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1892 ሆምስቴድ የሚገኘው ብረት ፋብሪካው ሠራተኞች ደመወዛቸው እንዳይቀነስ ሲታገሉ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል። ሁለቱም የአንድ ሰው ታሪክ ናቸው። ስለዚህ አንድን ሰው ሚዩኒፊሰንት ስትሉት ጻድቅ ነው ማለታችሁ አይደለም፣ የሰጠው ትልቅ ነው ማለታችሁ ነው።

ጎረቤት ቃላትም አሏት፣ ቶሎ ልለፋቸው። «ላርጄስ» ከላይ ወደ ታች የሚበተን ገንዘብ ነው፣ አንዳንዴ የሙስና ጠረን አለው። «ፊላንትሮፒ» የዘወትር የበጎ አድራጎት ሥራ ነው፣ ቢሮና ሠራተኛ ያለው። «ማግናኒሚቲ» ደግሞ የገንዘብ ነገር አይደለም፤ ያሸነፍከውን ሰው አለማዋረድ፣ ቂም አለመያዝ ነው።

አጠቃቀሟ ላይ አንድ ሁለት ነገር። በንግግር አትመጣም፤ የጽሑፍ ቃል ናት፣ ያውም የክብር ጽሑፍ። የሕንፃ ምረቃ ላይ፣ የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ሰጪውን ሲያመሰግን ታምራለች። ስለ ራስ አይባልም። ለጓደኛ በቴሌግራም ከተላከች ደግሞ ቀልድ ናት። ውኃና ቲሸርት ለሰጠ ሰው «ጀነሮሲቲ» ወይም ቀለል ያለው «ካይንድነስ» ይበቃል፣ እንዲያውም ያምራል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ለሽሙጥ ስለምትመች ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ስስታምን መንካት ሲፈልጉ ይቺን ቃል ይመዛሉ። ዓመት ሙሉ ሲያሠራ ከርሞ ለፋሲካ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ዘይት የሰጠ አለቃ «ለአለቃችን ሚዩኒፊሰንስ ምስጋና ይግባው» ተብሎ ከተጻፈለት እየተሾፈበት ነው። እንግሊዝኛው ካልዘለቀው ግን ደብዳቤውን በፍሬም አድርጎ ቢሮው ሊሰቅለው ይችላል።