ሂትለር እና የቪየናው የሥነ ጥበብ አካዳሚ

የቪየና የሥነ ጥበብ አካዳሚ በኦስትሪያ ዋና ከተማ፣ ሺለር አደባባይ ላይ የሚገኝ አንጋፋ የሥዕል ትምህርት ቤት ነው። በ1692 የቤተ መንግሥት ሠዓሊ የነበረው ፔተር ሽትሩደል መሠረተው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ያለበትን ሕንፃ የነደፈው ቴዎፊል ሃንዘን ሲሆን በ1877 ተከፈተ። ኤጎን ሺለን የመሰሉ ታላላቅ ሠዓሊዎች ተምረውበታል። ብዙ ሰው ግን አካዳሚውን የሚያውቀው ባስተማራቸው ሳይሆን ሁለት ጊዜ በመለሰው አንድ አመልካች ነው፤ በአዶልፍ ሂትለር። «ያኔ ቢቀበሉት ኖሮ ያ ሁሉ እልቂት ይቀር ነበር» የሚለው ወግም ከዚህ የመጣ ነው።

ሂትለር በ1889 ብራውናው አም ኢን በምትባል፣ በኦስትሪያና በጀርመን ድንበር ላይ ባለች የኦስትሪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጉምሩክ ሹም ነበር፤ ልጁም እንደሱ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። አባትዬው በ1903 ሞተ። ልጁ በ1905 ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ፣ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ሳይዝ ትምህርቱን ተወ። ይህች ወረቀት ኋላ ላይ ዋጋ ታስከፍለዋለች።

በ1907 መኸር፣ በ18 ዓመቱ ለፈተና ቀረበ። አመልካቾቹ ከ110 በላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ማጣሪያ 33ቱ ወደቁ፤ እሱ አለፈ። ቀጥሎ በተሰጠ ርዕስ ላይ ለሰዓታት ተቀምጦ ንድፍ መሥራት ነበር። በመጨረሻ የተቀበሏቸው 28 ብቻ ናቸው፤ እሱ የለበትም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው አጭር ነው፦ የፈተና ንድፉ አጥጋቢ አይደለም፤ ጭንቅላቶች ጥቂት ናቸው። ይህችን ሐረግ እንደ ትንቢት የሚያነቡ አሉ፤ ሰውን መሳል ያቃተው ሰውን ጨረሰ እያሉ። እኔ የማየው የፈታኝ ማስታወሻ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የሥዕል ትምህርት መሠረቱ የሰው አካልና ፊት ነበር፤ ልጁ ይዞ የመጣው ደግሞ በአብዛኛው ሕንፃ ነው። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ኃላፊውን ምክንያቱን ሲጠይቀው ያንተ ተሰጥኦ ለሥነ ሕንፃ ነው አለው። ለዚያ ደግሞ ያቺ ያልያዛት ምስክር ወረቀት ታስፈልግ ነበር።

እናቱ ክላራ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በጡት ካንሰር ሞተች። በ1908 ሲመለስ ለፈተናው እንኳ አላስቀመጡትም። አብሮት ክፍል የተከራየው ጓደኛው አውጉስት ኩቢዜክ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ከወታደራዊ ሥልጠና ሲመለስ ክፍሉን ባዶ አገኘው። ሂትለር አድራሻ እንኳ ሳይተው ጠፍቷል። ለኦፔራው የመድረክ ንድፍ ባለሙያ ለአልፍሬድ ሮለር የሚያቀርበው ደብዳቤም ተገኝቶለት ነበር፤ ሳይደፍር ቀረ። በር የከፈተለት ሰው ፊት ያፈረ፣ በር በዘጉበት ላይ ዕድሜ ልኩን ቂም ያዘ።

ከ1910 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ሜልደማን ጎዳና ላይ በነበረው የወንዶች ማደሪያ ኖረ። ቀን ቀን ፖስት ካርድና ትንንሽ የውኃ ቀለም ሥዕሎችን ይሠራል፤ ካርልስ ቤተ ክርስቲያንን፣ ፓርላማውን፣ አሮጌውን ቪየና፤ ብዙዎቹን ከታተመ ሥዕል እየገለበጠ። ገዢዎቹ የሥዕል አፍቃሪዎች አልነበሩም። ፍሬም ሻጮች ነበሩ፤ ባዶ ፍሬም ከሚሸጥ ውስጡ አንድ ሥዕል ቢኖርበት ቶሎ ይነሣል። ከእነሱ መካከል ደንበኛ ሆኖ የቆየው ሳሙኤል ሞርገንሽተርን የተባለ አይሁዳዊ መስታወት ገጣሚ ነው። ሞርገንሽተርን የገዢዎቹን ስም በጥንቃቄ ይመዘግብ ስለነበር ሥዕሎቹ የት እንደደረሱ ይታወቃል፤ ከወሰዱት ብዙዎቹ አይሁዳውያን ነበሩ። ስለዚህ «አይሁድ ፕሮፌሰሮች ስለጣሉት አይሁድን ጠላ» የሚለው ቀላል ማብራሪያ እዚህ ላይ ይሰነክላል። የዕለት ዳቦውን የሚያበሉት እነሱው ነበሩ። ኦስትሪያ በ1938 በናዚ ጀርመን ስትዋጥ ሞርገንሽተርን ሱቁን ተነጠቀ። በነሐሴ 1939 ለቀድሞ ሠዓሊው፣ ለአሁኑ መሪ፣ አገር ጥሎ እንዲወጣ ይፈቀድለት ዘንድ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ከሂትለር እጅ አልደረሰም። ሰውየው በ1943 ሎጅ በምትባል የፖላንድ ከተማ፣ አይሁዳውያን በታጎሩበት ሠፈር (ጌቶ) ሞተ።

ታዲያ ቢያልፍስ ኖሮ? ታሪክን በ«ኖሮ» መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ያም ሆኖ አንዳንድ ነገር ማለት ይቻላል። ሂትለርን ፖለቲከኛ ያደረገው ፈተናው ብቻ አይደለም። በ1913 የኦስትሪያን የውትድርና ግዴታ ሸሽቶ ሙኒክ ገባ፤ በየካቲት 1914 ዛልስቡርግ ላይ ተመርምሮ ለውትድርና ብቁ አይደለህም ተባለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በባቫሪያ ሠራዊት ፈቃደኛ ሆኖ ገባ። በመስከረም 1919 ሠራዊቱ ልኮት ኋላ የናዚ ፓርቲ በሆነው አንድ ትንሽ ፓርቲ ስብሰባ ላይ ተገኘ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌላው አይከተልም። አካዳሚው ተቀብሎት ቪየና ተቀምጦ ቢሆን፣ በ1919 ያ ስብሰባ ላይ የመገኘቱ ነገር እጅግ ያጠራጥራል።

የተሸነፈችውን ጀርመን የቀጣው የቬርሳይ ውል ግን ይኖር ነበር። የ1923ቱ የዋጋ ግሽበትም፣ በ1932 ሥራ ያጣው 6 ሚሊዮን ያህል ጀርመናዊም እንዲሁ። ቂመኛ ቀኝ አክራሪ ጀርመን ያለ እሱም ይመጣ ነበር ብል አላጋነንኩም። የአይሁዳውያን ጭፍጨፋ ያለ እሱ ይመጣ ነበር ማለት ግን ይከብደኛል።

ጥበብ ቢማር ሰው ይሆን ነበር የሚለውን ደግሞ ከጎኑ የነበሩት ሰዎች ያፈርሱታል። የናዚ ርዕዮት ጸሐፊው አልፍሬድ ሮዘንበርግ ሂትለር የተመኘውን የሥነ ሕንፃ ዲፕሎማ ይዞ ነበር፤ በ1946 ኑረምበርግ ላይ ተሰቀለ። የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ በሥነ ጽሑፍ ዶክተር ነው። የኛው ወራሪ ሙሶሊኒም ቢሆን በ1910 በጋዜጣ ተከታታይ ልብ ወለድ አውጥቷል፤ ደራሲነቱን ማንም አልከለከለውም።

ደግሞስ ምኞቱን መቼ ተወው? ሥልጣን ሲይዝ ሸራውን አሰፋው እንጂ። በሐምሌ 1937 ሙኒክ ላይ በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ዐውደ ርዕዮች ተከፈቱ፤ አንዱ እሱ የወደደው፣ ሌላው «የዘቀጠ ጥበብ» ተብሎ ለመሳለቂያ የተሰቀለ። መሳለቂያውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። በጦርነቱ ዘመን ከየአገሩ የተዘረፈና በግድ የተገዛ ሥዕል ባደገባት የኦስትሪያ ከተማ በሊንዝ ሊያቆመው ላሰበው ሙዚየም ተሰበሰበ፤ ሲሸነፍ ኦስትሪያ ውስጥ በአልታውሰ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ከ6,500 በላይ ሥዕል ተገኘ። በርሊን እየወደመች እሱ ከምድር በታች ተቀምጦ የሊንዝን ሞዴል ይመለከት ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን 1945፣ ራሱን ከማጥፋቱ አንድ ቀን በፊት በፈረመው ኑዛዜ፣ ሥዕሎቹ ለሊንዝ ሙዚየም እንዲሆኑ ተናዘዘ።

ራሱ የሣላቸው ሥዕሎችስ? አራቱ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት መጋዘን አሉ። በ2014 ኑረምበርግ ላይ አንዱ በ130,000 ዩሮ ተሸጠ። በ2019 እዚያው ከተማ ጨረታ ሊወጣ ሲል ዐቃቤ ሕግ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸውን ብዙ ሥዕሎች ያዘ። በሱ ስም ፎርጅድ መሥራት አያስቸግርም፤ እጁ የራሱ መለያ የለውም። የተረፉት አምስቱ ለሽያጭ ቀረቡ፤ ዋጋ የሰጠ ግን አልተገኘም።