ከጴርጌን የተመለሰው አገልጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል የምትመሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። መዝሙር ክፍሉ ለጥምቀት ሲያጠና ከርሞ ከተራ ዕለት ከበሮ መቺው የለም፤ ስልኩም ዝግ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ ጥናት ላይ ከኋላ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሰብሳቢ በሁሉም ፊት ይወቅሰዋል፤ አንዳንዱም ምንም ሳይናገር ከቴሌግራም ግሩፑ ያስወጣዋል።

ቅዱስ ማርቆስም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ከአንጾኪያ ወጥቶ ቆጵሮስን እስከ ጳፉ አብሯቸው ዞረ። ባሕሩን ተሻግረው የጵንፍልያ ጴርጌን ሲደርሱ ግን ተለይቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ለምን እንደተመለሰ ቅዱስ ሉቃስ አልጻፈልንም። እኛ ግን ሰው ገና ሳይጠየቅ ምክንያቱን ፈጥረን መስጠት ይቀናናል።

ለሁለተኛው ጉዞ ሲነሡ በርናባስ ማርቆስን ልውሰድ አለ፤ ጳውሎስ አልተቀበለውም፤ ተለያዩም። እዚህ ላይ ጳውሎስን ጨካኝ የሚያደርግ ስብከት አልፎ አልፎ እሰማለሁ፤ አልስማማበትም። ጳውሎስ በልስጥራ በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞቷል ተብሎ ከከተማ ውጭ የተጎተተ ሰው ነው። መንገዱ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። «ለዚህ ሥራ ገና ነህ» ማለት በራሱ ፍቅር ማጣት አይደለም። በርናባስም ለዘመዱ አዳልቶ ነው የሚል አይጠፋም፤ ማርቆስ የሥጋ ዘመዱ ነውና (ቆላ. 4፥10)። ነገር ግን ዘመዱ ላልሆነውም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ሳውልን (ኋላ ጳውሎስ የተባለውን) ሲፈሩት ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው እርሱ ነበር። የአንጾኪያው ሥራ ሲሰፋ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አመጣው፤ አንድ ዓመት ሙሉም አብረው አስተማሩ። «በርናባስና ሳውል» ይባል የነበረው ኋላ «ጳውሎስና በርናባስ» ሲባል፣ በርናባስ ቅር እንዳለው የሚናገር አንድ ቃል አናገኝም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ማርቆስን ይዞት የሄደበት ቦታ ነው። ቆጵሮስ! የበርናባስ የትውልድ አገር፣ ማርቆስም በመጀመሪያው ጉዞ ሳይመለስ የጨረሳት ደሴት ናት። ልጁ ወደ ተሰናከለበት ወደ ጴርጌን አልወሰደውም፤ ቤቱ ተቀመጥም አላለውም። የሚያውቀውን መንገድ ከሚያውቀው ሰው ጋር እንደገና አስጀመረው።

ወደ ከበሮ መቺያችን ስንመለስ፣ «ለትንሣኤ አንተ ትመራለህ» ብንለው ሸክም እንጭንበታለን፤ «ከእንግዲህ ከበሮ አትነካም» ብንለውም አባረርነው ማለት ነው። የእሑዱን ጥናት ከአንድ ታላቅ ወንድም አጠገብ ሆኖ ይምታ። ከዚያ በፊት ግን ለብቻው ጠርቶ፣ ሻይ እየጠጡ «ምን ገጥሞህ ነው?» ማለት ይገባል። የሥራ ፈረቃው ተቀይሮበት ይሆናል፤ የመዝሙር ልብስ ማሠሪያ ገንዘብ አጥቶ አፍሮም ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር በቴሌግራም መልእክት አይወጣም። ደግሞ አንድ ቀን ሻይ ጋብዞ በሳምንቱ ፊት መንሣት ከወቀሳው ይብሳል፤ ልጁ የሚያየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር እንዴት እንደምንሆንለት ነው።

ጳውሎስ በእስር ሆኖ የመጨረሻውን መልእክት ሲጽፍ ከጢሞቴዎስ የፈለገው ጥቂት ነገር ነው፤ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው» ይላል (2ጢሞ. 4፥11)። ያኔ አልወስደውም ያለው ጳውሎስ ነው እንዲህ የሚለው።

በርናባስ ወደ ቆጵሮስ ከተሳፈረ በኋላ የሐዋርያት ሥራ ስሙን ዳግመኛ አያነሣም። ማርቆስ ግን ወንጌል ጻፈ፤ እስክንድርያም የእርሱ መንበር ሆነች። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ፣ በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾምላት ድረስ፣ አባቶች ይላኩላት የነበረው ከዚሁ መንበር ነው።

የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።